የተጣበቀው ምዕራፍ

እና ካባው ቀይ መሆኑን እንኳ ነግራታለች፣ ምናለ ቀለሙን ብትተወው፣ ልጅ ደግሞ ቀለም አይረሳም፣ ዛሬ ጠዋት ካድሬው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ትምህርቱን ሲከታተል ልጇ ሣባ እጇን አውጥታ፣ ቲቸር፣ ንጉሡ እኮ አልገረፏትም፣ ዝናብ ሲመታት ቀዩን ካባቸውን አለበሷት፣ ብላለች፣ አርባ ስምንት ልጅ ፊት። አሁን ትርሓስ ተጠርታ መጥታ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ያደረገችው እሷ ናት። ሌላ ማንም አይደለም።

መጽሐፉ አንድ ነው፣ የጎንደር ግንብ ሲሠራ ኖራ ስለምትሸከም ልጅ የተጻፈ ታሪክ፣ ለመላው አራተኛ ክፍል አንድ ቅጂ፣ ልጆቹ በየተራ ወደ ቤት እየወሰዱ በደብተራቸው ይገለብጡታል፣ ምዕራፍ አራት ግን በዱቄት ሙጫ ተጣብቋል፣ ንጉሡ ደግ ሆነው ይታያሉና መምህር ዱባለ ራሳቸው አጣበቁት፣ ለልጆቹም በቃላቸው፣ ንጉሡ መጡ፣ ገረፏት፣ ሄዱ፣ ብለው አለፉት፣ ሰውየው ምን ያድርጉ፣ ባያጣብቁት መጽሐፉ በሙሉ ይሄድ ነበር። እሷስ ምን ቤት ነች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተራው የሣባ ሆኖ መጽሐፉ ቤት ሲገባ፣ ማንቆርቆሪያ አፍልታ፣ በእንፋሎቱ ቀስ አድርጋ፣ ቁስል ላይ እንደ ደረቀ ፋሻ፣ ገጽ በገጽ ላጠችው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፣ ወንድሟ ብርሃነ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ሄዶ በቀረበት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ያመለጣት ሁሉ እዚያ ሙጫ ውስጥ ያለ መሰላት፣ ሞኝ፣ አንብባ ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ አንብባ መልሳ አጣበቀችው፣ ከዚያ ለልጇ ተረከች፣ እንደ አስተማሪ ድምፅዋን እየለዋወጠች፣ ደስ ብሏት። ደስ ብሏት ነበር፣ ይኸው ነው የሚያሳፍረው።

ግቢ፣ ይላታል ካድሬው በሩን ከፍቶ፣ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ በካውያ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። መምህር ዱባለ በራሳቸው ትምህርት ቤት እንደሚቀጣ ተማሪ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ ሣባ አጠገባቸው። ስምሽ ማነው እህቴ፣ ትርሓስ፣ ብዕሩ ይቆማል፣ ከወዴት ነሽ ትርሓስ፣ ከዚሁ ከመገናኛ፣ እሱማ ገባኝ፣ ትውልድሽን ነው፣ አክሱም፣ ብርሃነ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ይታያታል፣ አሁን እመጣለሁ ነበር ያላት።

ማንበብ ትችያለሽ?

በይ እንጂ፣ እኔ ነኝ በይ፣ በእንፋሎት ነው፣ እሳቸው ምንም አያውቁም በይ። መምህሩ ያዩዋታል፣ በሣባ ደብተር ግርጌ ፊርማዋን ስንቴ አይተዋል፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለዋት ያውቃሉ አንድ ቀን፣ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ኖራለች።

አልችልም፣ ትላለች። ፊደል አልቆጠርኩም።

ሣባ ቀና ትላለች።

አይዞሽ፣ በመሠረተ ትምህርት እናስተምርሻለን፣ ይላል ካድሬው፣ የጻፈውን ያነብላታል፣ ልጄ ከቤት ምንም አልሰማችም፣ ይኸው ነው፣ በቃ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትሽን አድርጊ። ወረቀቱን ያዞርላታል፣ ዓይን ደግሞ አይታዘዝም፣ ያነባል፣ ልጄ የአድኃሪውን ሥርዓት ውዳሴ የሰማችው ከመምህር ዱባለ አንደበት መሆኑን አረጋግጣልኛለች፣ ይላል ወረቀቱ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ አፏ ይከፈታል፣ እንዲህ አላልኩም ልትል ነው፣ በምን አወቅሽ፣ በምን አወቅሽ ቢላትስ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት። መምህሩ ከቆሙበት ወረቀቱ አይታያቸውም፣ ቀስ ብለው፣ ፈርሚ ልጄ፣ ይሏታል፣ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ።

ታትማለች። ጣቷን ስታነሣ ወረቀቱ ትንሽ ይከተላታል፣ ከዚያ ይለቃታል።

መንገድ ላይ ካድሬው ከኋላቸው ይመጣል፣ አይቸኩልም። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ሣባ ድንገት ዞር ብላ ታየውና ግድግዳው ላይ ወዳለው መፈክር እየጠቆመች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እማ፣ ይቺ አ ትባላለች፣ በይ አ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማን አስተማራት እንዲህ፣ ማን ይሆን፣ አ፣ ትላለች ትርሓስ። ይቺ ደግሞ ብ። ብ። ካድሬው በቀበሌው በኩል ይታጠፋል፣ ከአንዲት የተጫነች አህያ በቀር መንገዱ ላይ ማንም የለም።

በቃ ሣባዬ፣ ሄዷል እኮ።

ሣባ አታያትም፣ ጣቷንም ከግድግዳው አታነሣም። ይቺ ዮ ናት፣ በይ።

ዮ፣ ትላለች እናቷ።