ባሕሩ የትም አይሄድም

«ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማን ናት?» አሉ እትዬ ጊና።

የሕንፃው መግቢያ በር ላይ የተለጠፈውን የሐዘን ወረቀት መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያዩ ነበር። ሜቶዲ ዳቦ በብብቱ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሩሴ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበት ወረቀት ከቀብሩ ይቀድማል። በየበሩና በየአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ያልፋል።

«ዮርዳንካ ፔኔቫ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት» ብለው አነበቡ። «ከእኛ ሕንፃ ናት? ፊቷን አላውቀውም። ተከራይ ናት መሰለኝ።»

«ዶንካ ናት፣ እትዬ ጊና።»

ሴትዮዋ ዞሩ። የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ነው። ብርዱን ገጠር ልጃቸው ዘንድ ከርመው የተመለሱት ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም። ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ነው።

«የትኛዋ ዶንካ? ያንተዋ ዶንካ?»

«የኔዋ።»

እትዬ ጊና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ እንደገና ወደ ወረቀቱ ተጠጉ፤ አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረው።

«አይደለችም» አሉ። «ሜቶዲ ልጄ፣ ይቺ ዶንካ አይደለችም።»

ሜቶዲም አየው። ፎቶው ከመታወቂያዋ የተወሰደ ነው። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጎትቶ ታስሯል፣ ከንፈሯ ገጥሟል፣ ዓይኗ የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ ያለውን መታወቂያ ሰጪ ፖሊስ ነው። ስሙም እንደ ፎቶው ነው። ዮርዳንካ ብሎ የሚጠራት መንግሥት ብቻ ነበር። ሜቶዲ ግን ማተሚያ ቤት ሲሄድ ሕጋዊውን ስምና ሕጋዊውን ፎቶ ሰጠ። ትክክል የሠራ መስሎት ነበር።

«ይግቡ እትዬ፣ ሻንጣውን እኔ ልያዝልዎ» አለ።

ቀኑ ሠልስት ነበር። ከመቃብር የተመለሰው ሰው ቤቱን ሞልቶታል። ልጁ ኔዳ በስኳር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በትናንሽ ሳህን ታድላለች። ሰዉ ብርጭቆ ሳያጋጭ ራኪያ የሚባለውን አረቄ ይጎነጫል። ሜቶዲ ወንበር ሊያመጣ ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ከኮሪደሩ ጥግ ሹክሹክታ ሰማ። ከዶንካ ጋር ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠሩ ሁለት ሴቶች ናቸው።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለባንክ ስትገብር ኖራ!»

«እሱ ነዋ። አታውቂውም? ሳንቲም ካልቆጠረ እንቅልፍ አይወስደው።»

«ዕዳው አለቀ፣ እሷም አለቀች። መቼ ኖረችና?»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

ሰምቷል። ወንበሩን አንስቶ መጣና ለተናጋሪዋ አቀረበላት።

«ቁጭ በይ» አላት። ፊቷ ቀላ።

ሰዉ ሄደ፤ ያቺ «መቼ ኖረችና?» የምትል ጥያቄ ግን አልሄደችም። ሳህኑ ታጥቦ ተደርድሮ እሷ ወንበር ይዛ ቀረች። ሜቶዲ መልስ ፈለገላትና ወዲያው የመጣለት የመታወቂያው ፎቶ ነው። የሚያውቋት ጎረቤት ያላወቋት እሱ አሟጥጦ ጨርሷት ይሆን? አሥራ አራት ዓመት ሲቆጥር ሴትዮዋን እንደዚያ ፎቶ አድርጓት ቢሆንስ?

ቤቱን ሲገዙ ባንኩ ለዕዳው የሰጣቸው ሃያ ዓመት ነበር። ሜቶዲ በአሥር ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ተነሣ። በዳኑብ ወደብ የክሬን ነጂ ነው። በትርፍ ሰዓት ያገኛትን ሁሉ ባንክ ወስዶ ያስገባል። ምክንያት ነበረው። አባቱ የሞተው በተከራየው ክፍል ነው። ሬሳው ገና ሳይወጣ የአከራዩ ሚስት አልጋው መቼ እንደሚነሣ ስትጠይቅ ሜቶዲ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ይህን ለዶንካ አንድ ጊዜ ነገራት። ደግሞ አላነሣውም።

ዶንካ የምትፈልገው በዓመት ሰባት ቀን ባሕር ነበር። ሆቴል አላለችም። ክራፔትስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ እማማ ሩሳ ቤት፣ አንድ ክፍል።

«ባሕሩ የትም አይሄድም» አላት በመጀመሪያው በጋ። «ዕዳው ይለቅና እንሄዳለን።»

«ባሕሩማ አይሄድም» አለች። «ሂያጇ እኔ ነኝ።»

ለቀልድ ነበር። ሻንጣዋን በእጇ እንደያዘች ነው ያለችው። ሄዱ።

በየዓመቱ ተጣሉ፣ በየዓመቱ ሄዱ። ሦስት በጋ ብቻ እሱ አሸነፈ። በነዚያ በጋዎች ዶንካ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣች፣ ሳፋ ውኃ ሞላች፣ እግሯን ነክራ ተቀመጠች። ከላይ እትዬ ጊና ብቅ ሲሉ «እትዬ፣ ይራቁ! ማዕበሉ ይወስድዎታል!» ትላቸዋለች። ሕንፃው ይስቃል። ሜቶዲ አይስቅም። እየተሰደበ እንደሆነ ያውቃል።

አሥር ዓመት የተባለው አሥራ አራት ሆነ። ባንኩ የመጨረሻውን ወረቀት በሰጣቸው ቀን መንገድ ላይ እንዲህ አላት፦

«ባሕሩ አራት ዓመት በላብን።»

«እኛስ አልበላነውም?» አለች ዶንካ።

በዘጠነኛው ቀን ከመቃብር ሲመለሱ ኔዳ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ለአርባው የሚለጠፈው ወረቀት በዚህ ፎቶ አይወጣም።»

«ሌላ የለም።»

«እንዴት የለም? አንድ ሕይወት ሙሉ!»

መሳቢያውን ከፈቱ። የባንኩ ወረቀት በየዓመቱ ተለይቶ በክር ታስሮ ተቀምጧል፤ አንድም አልጎደለም። ከሥሩ የሠርጋቸው ፎቶ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለሐዘን ወረቀት የምትሆን አይደለችም። የቀረው የኔዳ ነው። ኔዳ በልደት፣ ኔዳ በትምህርት ቤት። የዶንካ በአንዱ ፎቶ ክንዷ ብቻ ይታያል፣ በሌላው ኬክ የምትቆርስበት እጇ።

«ሁሌ አንሺዋ እሷ ነበረች» አለች ኔዳ።

«እኔ አንስቻት አላውቅም» አለ ሜቶዲ። ከዚያ መሳቢያው ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። «ኔዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ኖራለች?»

ኔዳ ፊቱን አየችው።

«ማን ምን አለህ?»

«የጠየቅሁሽን መልሺ።»

«እኔን አትጠይቀኝ። ለእማማ ሩሳ ልደውል።»

«ለምን?»

«የእንግዶቿን ፎቶ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ትለጥፍ የለ? ረሳኸው? በመጨረሻው ቀን እየተነጫነጭክ ታቆምህ ነበር።»

ረስቶታል። እማማ ሩሳ በየዓመቱ ከመሳፈራቸው በፊት ግቢ ውስጥ ታቆማቸዋለች፤ እሱ አውቶቡሱ ያመልጠናል እያለ ይቆማል። ግድግዳውን አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየውም።

ፖስታው የመጣው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለችበት፦ «ከግድግዳዬ ነቅዬ ነው የላክሁት። ቦታው ባዶ ሆኖ ያስፈራኛል፣ መልስልኝ። በፖስታ እንዳትልክ፣ ይጠፋል። በሐምሌ ራስህ አምጣ።»

ሜቶዲ ፎቶዎቹን በጠረጴዛው ላይ በየዓመታቸው ደረደራቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። በሁሉም ዶንካ አለች። ፀጉሯ በጨው ደርቆ ቆሟል። ባርኔጣ አድርጋ፣ ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥላ፣ አንድ ጊዜ የእማማ ሩሳን ዶሮ አቅፋ። አጠገቧ እሱ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በስምንተኛው ፎቶ ግን እሱ የለም። ዶንካ ሐብሐብ በሁለት እጇ ይዛ ነክሳለች፣ እየሳቀች ነው፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዷል። ከፎቶው ዳር አንድ እጅ ብቻ ገብቷል። አውራ ጣቱ አገጯ ላይ ነው፤ ጭማቂውን ሊጠርግላት።

ጥፍሩ የጠቆረ፣ ወፍራም የክሬን ነጂ እጅ ነው። ሜቶዲ የራሱን እጅ አጠገቡ አስቀምጦ አየው።

ከዚያ ያልሄዱባቸውን የሦስቱን ዓመታት ቦታ ባዶ አድርጎ ፎቶዎቹን እንደገና ደረደረ። ባዶዎቹን ሲያይ ይከፋኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የመጣለት ግን ሌላ ነው።

ዶንካ የታመመችው ዕዳው ባለቀ በዓመቱ፣ ከመጨረሻው ባሕር በተመለሱ በሁለተኛው ወር ነው። አምስት ወር ተኛች። ሜቶዲ ወደቡን ተወ። የሚከፈል ዕዳ ስለሌለ ተወ። ሾርባ መሥራት ተማረ፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አመቻቸላት። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ሲያበጥርላት እንዲህ አለችው፦

«ሜቶዲ፣ እነዚያን ሦስት በጋዎች የት እንዳኖርክ አሁን አወቅሁ።»

«የትኞቹን?»

«የከለከልከኝን። ይኸው እየመለስክልኝ ነው። ቤቱ ዕዳ ቢኖርበት ዛሬ ክሬንህ ላይ ነበርክ፤ እኔ ከዚህ ግድግዳ ጋር አወራ ነበር።»

«እንግዲያ ልክ ነበርኩ?»

«ሦስቱን ልክ ነበርክ» አለች። «አሥራ ሁለቱን እኔ ልክ ነበርኩ። አታጭበርብር።»

የሞተችውም በዚያ አልጋ ላይ ነው። አልጋው መቼ እንደሚነሣ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሜቶዲ ይህን ሁሉ ያውቀው ነበር። ሠልስት ዕለት ግን አንዲት ሹክሹክታ አስረሳችው። ሐዘን እንዲህ ነው፤ የሰጡትን ይደብቅና የነፈጉትን ብቻ ያሳያል። ፎቶዎቹን ሰብስቦ ወደ ፖስታው መለሰ። አንዱን አስቀረ።

ማተሚያ ቤት ያለችው ልጅ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ለሐዘን ወረቀት አይሆንም። እየሳቀች ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አፏም ሙሉ ነው።»

«አዎ፣ ሐብሐብ ነው። ጥሩ ነበር።»

«እሺ... ይቺን እጅ እንኳ ልቁረጣት። የማን እንደሆነች አይታወቅም።»

«ተያት። ትታወቃለች።»

«ስም?»

«ዶንካ። ዶንካ ብቻ።»

«ግጥም አለን። ‹በድንገት ተለየሽን› የሚለውን ብዙ ሰው ይመርጠዋል።»

«ግጥም አልፈልግም። ‹አርባ ቀን› በይና ከሥሩ ‹እናመሰግንሻለን› ብለሽ ጻፊ።»

«እንዲህ ያስጻፈ ሰው የለም» አለች።

«እንግዲያ አትሳሳቺበት» አላት።

በአርባው ቀን ጠዋት፣ ወደ መቃብር ሳይወጡ፣ ሜቶዲ ሙጫና ብሩሽ ይዞ ወረደ። የድሮውን ወረቀት ላጠው፤ የመታወቂያዋን ሴትዮ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተታት። በሩን ቀብቶ አዲሱን ለጠፈ። እትዬ ጊና ጥቁር ሻርፓቸውን አድርገው፣ የንፍሮውን ድስት አቅፈው ከደረጃው ብቅ አሉ።

ከሩቁ ቆሙ። መነጽር አላወጡም።

«ውይ ዶንካ!» አሉ። «ውይ አንቺ ማዕበል!» ሳቃቸውና እንባቸው አንድ ላይ መጣ። «ይኸውልህ፣ መጣች። የት ደብቀሃት ነበር?»

«ባሕር ሄዳ» አለ ሜቶዲ።

«አንተስ?»

«በሐምሌ እሄዳለሁ። የማደርሰው ዕቃ አለ።»

ኔዳ ከውጭ መኪናውን አስነሥታ ጥሩምባ ነፋች። እትዬ ጊና ድስታቸውን ይዘው ወጡ። ሜቶዲ ወረቀቱን ከመሃል ወደ ዳር በመዳፉ አለሰለሰው። ሙጫው በዝቶ ኖሮ አንድ ጠብታ ከላይ ወረደና አገጯ ላይ ቆመ።

ሜቶዲ በአውራ ጣቱ ጠረገላት።