ብግንዬና የሚጡ ክንድ

ልብስ ሰፊዋ የወጣላት ስም ነበራት፤ ነገር ግን እናቷ ከልጅነቷ ጀምራ "ብግንዬ" ስለምትላት በቤተሰቡ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት አልነበረም። ስሙን ያተረፈላት ቅናቷ ነው። ለታናሽ እህቷ ጫማ ሲገዛ ብግን፣ ታናሽ እህቷ እናታቸው ጭን ላይ ስትተኛ ብግን። እናትም ትስቅና "እዩዋት እዩዋት፣ ብግን አለች!" ትላለች። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ በሙቅ ውኃም አይለቅ።

እውነቱን ለመናገር ትቀና ነበር። ምን ይደበቃል? ቤተሰቡ ሁሉ "ሚጡ" የሚላትን ታናሿን ባየች ቁጥር ቆሽቷ ድብን ይላል። አርባን አልፋ፣ የራሷን ስፌት ቤት ከፍታ፣ ሠራተኞች ቀጥራ እንኳ አልተዋትም። የሁሉም ነገር መነሻ ደግሞ የሚጡ ክንድ ነው።

ሚጡ ትንሽ ልጅ ሳለች የፈላ ማንቆርቆሪያ ጎትታ ክንዷ ላይ ደፋችው። ቆዳዋ ቀላ፣ አበጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ተገሸለጠ። እናት ሥራዋን ጥላ አልጋው ሥር ከረመች። ቅባት መቀባት፣ ፋሻ መቀየር፣ እፍ እፍ ማለት ሆነ ሥራዋ። በዚያው ሰሞን ትልቋን ጉሮሮዋን አመማት። ጉሮሮዋ ተሻላት ሲባል ትኩሳት መጣ፤ ከትኩሳቱ ጋር ጉልበቷ ተቃጠለ። ለእናቷ ነገረቻት። በማግስቱ ጉልበቷ ተዋትና ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፤ ከዚያም የእጇን አንጓ።

"ትናንት ጉልበቴን አልሽ፣ ዛሬ እጄን። ነገ ደግሞ ጸጉሬን ልትዪኝ ነው?" አለች እናት፣ ፋሻ እየጠቀለለች። "በቁስልም ይቀናል? አይ ብግንዬ!"

ልጅቷ ራሷ ግራ ገባት። ሕመም እንደ ጎረቤት ከቤት ቤት ይዞራል እንዴ? ሳይታወቃት የምትዋሽ መሰላት። ከጊዜ በኋላ ሁሉም ለቀቃት፤ ጉልበቷ ላይ የጥፍር ያህል ምልክት አልቀረም። የሚጡ ክንድ ላይ ግን ከአንጓ እስከ ክርን የሚያብለጨልጭ፣ የተጨማደደ ጠባሳ ቀረ።

ሚጡም ጠባሳዋን ታውቅበታለች። እናት ልትቆጣ ስትነሳ እጅጌዋን ጠቅለል ታደርጋለች፤ በቃ፣ ቁጣው እዚያው ይሟሟል። ፈተና ስትወድቅ ጠቀለለች፤ ትዳሯ ሲፈርስም ጠቀለለች። ትልቋ ይሄን ስታይ አንጀቷ እርር ይላል። የሚጡን ቀሚሶች የምትሰፋው እሷ ናት፤ እና፣ ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም እንጂ፣ የእጅጌውን ጫፍ ሆን ብላ ታጠብበዋለች፣ ወደ ላይ እንዳይጠቀለል። ሚጡ ደግሞ የዋህ ናት፤ "እታለም፣ እጅጌ አሰፋፍሽ እንዴት ያምራል!" ትላታለች።

ትንፋሽ ያጥራት የጀመረው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። ከስፌት ቤቷ ደረጃ መሃል ቆም ብላ ጫማዋን የምታስተካክል ትመስላለች። ሌሊት ሌሊት ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ ነው የምትተኛው። ለእናቷ ልትነግራት ወስና በተነሳችበት ሳምንት ሚጡ ትርፍ አንጀቷ ታሞ በቀዶ ጥገና ወጣላት። እናት ልብሷን ሸክፋ ሚጡ ቤት ገባች። ትልቋም አፏን ዘጋች። አሁን ደረቴን ብትል የሚባለውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ "ብግንዬን ጀመራት!"

ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቅ ሄደች። የሚጡ ቤት ፎቅ ላይ ነው። በር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። እናት ከፈተችና አየቻት።

"ምነው? አንቺም ልትታመሚ ነው?" አለች፣ እየሳቀች።

ልትስቅላት ሞከረች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ መሃረቡን ከአፏ ስታነሳው ደም ያለበት አረፋ ነበረው። እናት መሃረቡን አየች፤ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ሆስፒታል ያገኙት የልብ ሐኪም ወሬ የሚወድ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። በማሽኑ የልቧን ምስል ሲያይ ቆየና ወንበሩን ወደ እናት አዞረ።

"እናቴ፣ ልጅዎ በልጅነታቸው ብግነት ነበረባቸው።"

"እሱንማ እኔ ልንገርዎት እንጂ!" አለች እናት፣ እፎይ ብላ። "ብግንዬ እያልኩ አይደል ያሳደግኳት? በእህቷ በግና ነበር። ቅናት ነው።"

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ዓይኗን ጨፈነች። እዚህም፣ በሐኪም ፊት፣ ልቧ በማሽኑ መስታወት እየታየ።

"የለም፣ የለም፣ እኔ የምለው የበሽታውን ነው" አለ ሐኪሙ። "ሰውነት ሲጎዳ የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ የሚያቃጥለው ነገር፣ እሱን ነው ብግነት የምንለው። ጉሮሯቸውን አሟቸው ያውቃል? ከዚያ መገጣጠሚያቸውን፣ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚል?"

የእናት ዓይን ወደ ልጇ ጉልበት ሄደ።

"ሰውነት የጉሮሮውን ተህዋስ ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። ብግነቱ አንድ ነው፤ አዳዳኑ ግን እንደ ቦታው ነው። ቆዳ ጠልቆ ከተቃጠለ በጠባሳ ይደፍነዋል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ቆርጠን እንጥለዋለን፣ የሚናፍቀውም የለ። ጉበት ለጋስ ነው፤ ግማሹን ቢወስዱበት መልሶ ያድጋል። መገጣጠሚያ በዚህ በሽታ ሲያዝ ያስለቅስና ዱካ ሳይተው ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ሰው የማያምነው።"

"ልብስ?" አለች እናት፣ ድምጿ አንሶ።

ልብስ ሰፊዋ በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ትስቅ ነበር።

"ልብ አይረሳም። ደም በሚያሳልፈው በሩ ላይ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው በየዓመቱ እየወፈረ፣ እየተጣበቀ፣ ይኸው አሁን በሩ የአዝራር ቀዳዳ አክሏል። ነገ በታፋቸው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እናስገባና ጫፉ ላይ ባለው ፊኛ እንከፍተዋለን። ብዙ ጊዜ ይሳካል። አደጋ የለውም ግን አልልም።"

እናት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሐኪሙ ከወጣ በኋላም እንዲሁ። ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ጠበቀች። ነገ ፊኛው በሩን ይክፈተው አይክፈተው፣ ያን ያህል አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት እናቷ ዛሬም ሳትለው እንዳትቀር ነው። ምን እንድትል እንደምትፈልግ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

"ለካ አሞሽ ነበር" አለች እናት።

"አሞኝ ነበር።"

"እኔ እኮ... ያ ክንድ ዓይን ዓይኔን እያየኝ። ያንቺ ምኑም አይታይ። ዛሬ ጉልበት፣ ነገ እጅ። ደግሞ ትቀኚ ነበር።"

"እቀና ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ግን አሞኝም ነበር።"

እናት ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ ለመያዝ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ እንባዋ መጣ። ይቅርታ በይ ቢሏት የማትችልበት ሴት ናት፤ ለማንም ብላ አታውቅም። ቦርሳዋን ከፈተችና የቫዝሊን ቆርቆሮ አወጣች። ብርድ ልብሱን ገለጠች።

"የትኛው ነበር ያመመሽ?"

"ምኑ?"

"ጉልበትሽ ነዋ!"

ጉልበቷ ምንም አልነበረውም። ከዳነ ስንት ዘመኑ! በሽታው ያለው ደረቷ ውስጥ ነው፣ ቫዝሊን የማይደርስበት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ቀኙ" አለች።

እናት በሁለት እጇ ታሸው ጀመር። በመዳፏ እያሟሟች፣ ዙሪያውን፣ ቀስ ብላ፣ ያኔ ለሚጡ እንዳደረገችው። "እፍ" አለችበት፣ ቁስል በሌለበት። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በዚህ ዕድሜዋ እንደዚህ ደስ ማለቷ አሳፈራት፤ ቢሆንም ደስ አላት።

በሩ ተከፈተ። ሚጡ ናት፤ የሆዷን ስፌት በእጇ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ነው የገባችው።

"እማዬ፣ መጣሁ" አለች።

እናት ቀና አላለችም። "ቆይ፣ እህትሽን እያሸኋት ነው።"

ሚጡ ቆመች። የእናቷን እጅ አየች፣ ጉልበቱን አየች፣ ቫዝሊኑን አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀላ አለና ጉሮሮዋ ድረስ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ያንን ነገር ለማወቅ ሐኪምም ማሽንም አላስፈለጋትም። የሚጡ ቀኝ እጅ፣ እሷ ያላዘዘችው ይመስል፣ ወደ ግራ እጅጌዋ ሄደና ሊጠቀልል ሳበው። እጅጌው ጠባብ ነው፤ አልወጣ አለ። እንደገና ሳበችው።

ልብስ ሰፊዋ ማለት የሚገባትን ታውቃለች። "ነይ ሚጡዬ፣ እዚህ ጋ አረፍ በይ፤ አንቺም አሞሻል" ነው የሚባለው። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። አልጋውም ቦታ ነበረው።

እግሯን ዘረጋች።

"እማዬ" አለች፣ "የግራውንም።"