ለማ የቆመበት ጥግ

መስከረም ሦስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የኤርጎጌ ስልክ ጮኸ። ጆሃንስበርግ ከተማ፣ ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ ለሱቅ የሚሆን ዘይትና ሳሙና በጋሪ እያስጫነች ነበር። የደወለው ታናሽ ወንድሟ ቲቶ ነው፤ ክሊፕታውን ሰፈር ካለው ሱቁ ውስጥ።

«እቴቴ» አለ ሳል እያቋረጠው። «ሱቁን አቃጠሉት። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ለማ ጥጉ ጋ ቆሟል፣ በቀዳዳዋ ይታየኛል። ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ስደውልለት አያነሳም፣ አንቺ ደውይለት።»

ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። ደግማ ደወለች፤ ጠራ፤ አልተነሳም። ወደ ቲቶ መልሳ ስትደውል የሱም ይጠራል፤ የሚያነሳው ግን አልነበረም።

ለማ የቲቶ ሸሪክ ነበር። ሦስቱም ከዱራሜ አጠገብ ከአንድ መንደር የመጡ ናቸው፤ አንድ ወንዝ የጠጡ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የዘመሩ። የሰፈሩ ሰዎች በመጤ ሱቆች ላይ ሊነሱ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ባለሱቆቹ የለመዱት ዘዴ አለ። አንዱ ዕቃውን ሊጠብቅ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎ ዞር ይላል። የመጡት ሰዎች ከውጭ የተቆለፈ በር ሲያዩ ባዶ ነው ብለው ያልፋሉ። ዘዴው ብዙ ጊዜ ሠርቷል። የዚያን ቀን የመጡት ግን ቤንዚን ይዘው ነበር።

ቲቶ ከተቀበረ በኋላ በከተማዋ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ለማ ፊታቸው ቆሞ «እኔ ትሮይቪል ሰፈር ነበርኩ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር» አለ። ኤርጎጌ ወንድሟ የነገራትን ቃል በቃል ተናገረች። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ፊሊጶስ አንገታቸውን ደፍተው አሰቡና፣ «ልጄ፣ ጭስ ውስጥ ያለ ሰው የሌለውን ያያል» አሏት።

ኤርጎጌን የገደላት ይህ ነው። ለማ «ፈራሁ» ቢል ኖሮ ታለቅስ ነበር፣ ትራገም ነበር፣ አንድ ቀን ይወጣላት ነበር። እሱም ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊቱ ቆሞ። እሱ ግን ሞትን የሚያህል ነገር ላይ ውሸት ጨመረበት፤ የቲቶን የመጨረሻ ቃል የሚቃዥ ሰው ቃል አደረገው።

ለማ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «ባልደርስለትም ይቅር በሉኝ» ብሎ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ኤርጎጌ ላይ ጣለ። «ይቅር ብያለሁ» አለች። ምግብ ቀረበ። በነሱ መንደር ደም የተቃባ ሰው በአፉ ቢታረቅም፣ ከአንድ ሳህን አብሮ እስኪበላ ድረስ ዕርቁ አልተዘጋም። ኤርጎጌ «ጾም ይዣለሁ» ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ሰዉ መንፈሳዊነቷን አደነቀ። ለማ ብቻ ከሳህኑ ቀና ብሎ አያት።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በፋሲካ ሰሞን፣ የማኅበሩ አባል የሆኑት ዶክተር መርዕድና ባለቤታቸው ፍሬገነት አንድ ካምፐር ተከራዩ፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ትልቅ መኪና። ድራከንስበርግ ተራሮች ላይ አንድ ሳምንት ሊያሳልፉ ነው። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ደጎች፣ ቸኩለው የሚያዝኑ። ፍሬገነት ኤርጎጌን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘቻት።

«ኤርጊዬ፣ አብረሽን ነይ። ፕሊስ! ትንሽ ሪላክስ አድርጊ። ፊትሽ እኮ ጠቆረ።»

«እኔ ተራራ ለቅቄ ነው የመጣሁት፣ ደግሞ ተራራ ልይ?»

«ምንም አትሠሪም። መርዕድ ትልቅ መኪና መንዳት ስለሚፈራ ሹፌር ይዘናል። ለማ ነው የሚነዳልን። በዚያውም እናንተን አንድ ላይ ማየት ደስ ይለኛል።»

ከሱቁ ቃጠሎ በኋላ ለማ የጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሹፌር ሆኖ ነበር።

«እመጣለሁ» አለች ኤርጎጌ።

ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። የምታውቀው አንድ ሳምንት ሙሉ ማምለጫ በሌለበት ቦታ ፊቱ እንደምትቀመጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከጆሃንስበርግ ወጡ። ለማ መሪውን ይዞ ጨዋታ ሊያመጣ ሞከረ። «ይኼ እኮ የኛው ሱቅ ነው፣ ጎማ ያበቀለ! መኝታው ከምድጃው፣ ምድጃው ከመደርደሪያው። ደንበኛ ብቻ ነው የጎደለው። ‹ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦና ኤር ታይም!›»

ዶክተሩ ሳቁ። ኤርጎጌ ከኋላ ሆና፣ «በሩ ግን ከውስጥም ይከፈታል» አለች።



ተራራው ሥር ሰፈሩ። ቀን ቀን ይራመዳሉ፤ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ዶክተሩ የወፎቹን ስም በእንግሊዝኛ ይቆጥራሉ፣ ፍሬገነት ፎቶ ታነሳለች። ማዕድ ሲቀርብ ኤርጎጌ ሰበብ አታጣም። አንዴ ወጡን ታማስላለች፣ አንዴ ሆዷን አሟታል፣ አንዴ ድርሻዋን በሌላ ሳህን ይዛ ከደጅ ትቀመጣለች። ለማ በየቀኑ ያያታል። በየቀኑም ጨዋታው ይቀንሳል፤ የሚተኛበትንም ቦታ ለወጠ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አደረገ። ይህን ስታይ ኤርጎጌ ቲቶ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ያላገኘችው ደስታ አገኘች። ክፉ ደስታ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ደስታ ነው።

ረቡዕ ምሽት ፍሬገነት በትልቅ ሳህን ጥብስ አቀረበች። «ዛሬ ማንም ለብቻው አይበላም!» ብላ ኤርጎጌን እጇን ይዛ ለማ አጠገብ አስቀመጠቻት። «ለማ፣ በል እህትህን አጉርሳት። የፍቅር ጉርሻ! ቆይ ቪዲዮ ላንሳ።»

ለማ ጠቀለለ። ጉርሻውን ወደ ኤርጎጌ አፍ አስጠጋው።

«በይ እንጂ፣ እጁ ሲዝል!» አለች ፍሬገነት ስልኳን ደግና።

ኤርጎጌ ዓይኑን እያየች ከንፈሯን ገጠመች። ጉርሻው አየር ላይ ቆየ፤ መረቁ በለማ ክንድ ላይ ወረደ።

«ጥርሴን ያመኛል» አለች።

«በዚህ በኩል አኝኪው!»

«በዚያም በኩል ያመኛል።»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ነገው ጉዞ ማውራት ጀመሩ። ፍሬገነት ቅር እንዳላት ስልኳን አስቀመጠች። ምን እንደነካች አታውቅም፤ በሷ አገር ጉርሻ ጉርሻ ነው። ለማ ግን ያን ጉርሻ ራሱ ሊውጠው አልቻለም፤ ተነስቶ ወጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትልቁ ገደል ወጡ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ላይ የተተከለ የብረት መሰላል አለ፤ እሱን የወጣ ሰው ከተራራው አናት ይደርሳል። ፍሬገነት ቀና ብላ አየችው።

«ኖ ዌይ! እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም።»

ዶክተሩ ከሷ ጋር ሊቀሩ ሆነ። ያን ጊዜ ለማ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ያርፉ። እኔና እህቴ ደርሰን እንመለሳለን» አለ። ኤርጎጌን ገረማት። ለካ እሱም የሚፈልገው ነገር ኖሮታል።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ለማ ከቦርሳው ዳቦ አወጣ። ቆረሰና ግማሹን ዘረጋላት።

«ኤርጎጌ፣ ማንም የለም። እዚህ እንጨርሰው። ብዪልኝ። ስተኛ እንኳ አንቺን ነው የማየው።»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ዳቦውን ይዘህ ንገረኝ።»

ዳቦውን አየ፣ እሷን አየ። «ትሮይቪል» አለ።

ኤርጎጌ ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች። እሱም ዳቦውን ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ ተከተላት። ጉም ከሸለቆው እየተነሳ ነበር፤ ሲል ሲል መንገዱን ዋጠው። መሰላሉ ጋ ሳይደርሱ ለማ እርጥብ ድንጋይ ረግጦ አንሸራተተው፤ እግሩ በሁለት ቋጥኞች መካከል ገባ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

ጮኸ። ኤርጎጌ ተመልሳ እግሩን ከድንጋዩ አላቀቀችለት። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ዞሯል። ስልኩን አውጥቶ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም።

«ውረጂና ዶክተሩን ጥሪልኝ። ብርዱ ከባድ ነው፣ እሞታለሁ።»

«የት ነበርክ?»

«እህቴ፣ በጌታ! አሁን ነው ይኼ የሚጠየቀው?»

«የት ነበርክ?»

«እንዳልሽው ይሁን በቃ! የፈለግሽውን በዪ!»

«እኔማ ብዬ ነበር፤ ያላመናችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ተነስታ ጉሙ ውስጥ ገባች። ብዙ አልራቀችም። እሱ እሷን አያይም፤ እሷ ግን ትንፋሹን ሳይቀር ትሰማለች። አንድ ድንጋይ ተደግፋ ቆመች።

«ኤርጎጌ! … አለሽ? … ኤርጎጌ!»

አልመለሰችም። ያኔ አንድ ነገር ገባት። ቆሞ ዝም ማለት ቀላል ነው። እጅ አይንቀሳቀስም፣ ምላስ አይንቀሳቀስም፤ ጊዜ ብቻ ያልፋል። ለማ እዚያ ጥግ ላይ እንዲህ ቀልሎት እንደነበር አሰበችና ይበልጥ ጠላችው። አልተንቀሳቀሰችም።

መጀመሪያ ሰደባት። ቀጥሎ ጸለየ። ከዚያ እናቱን ጠራ። በመጨረሻ ድምፁ ተሰብሮ ወደ ጉሙ ጮኸ፦

«ጥጉ ጋ ነበርኩ! እሺ? ጥጉ ጋ ነበርኩ! ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲጠራ ይሰማኛል። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ከወጣሁ ያዩኛል፣ እኔንም ያቃጥሉኛል ብዬ ፈራሁ!»

ኤርጎጌ ከጉሙ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ይኼን እኔ አውቃለሁ» አለች። «ለነሱ ንገራቸው።»

ስልኩን ከእጁ ወስዳ የማኅበሩን ዋትሳፕ ግሩፕ ከፈተችና የድምፅ መቅጃውን ነካች። አፉ ጋ አስጠጋችለት።

«ይኼን ከላክሁ ጆበርግ ውስጥ መኖር አልችልም» አለ።

«ቲቶም አልቻለም።»

ተናገረ። ስሙን ጠራ፣ የቆመበትን ጥግ ተናገረ፣ ቁልፉን ተናገረ። «ቲቶ ያየው እውነት ነው። ያየው እኔን ነው» ብሎ ጨረሰ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። መልእክቱ ኔትወርክ አጥቶ ስልኩ ላይ ተንጠለጠለ።

ለማ ከቦርሳው ያንኑ ዳቦ አወጣ። «አሁንስ? አሁን ትበያለሽ?»

ኤርጎጌ ዳቦውን አየችው። ርቧትም ነበር።

«አልበላም» አለች፤ ስልኩን ይዛ ሄደች።

መሰላሉን ወርዳ ከሥሩ ያለው የተራራው ወገብ ላይ ስትደርስ ስልኩ ተንጫጫ፤ መልእክቱ ሄደ። ዶክተሩና ፍሬገነት ወርደው ከዚያ በታች፣ ብትጣራ በሚሰሙበት ርቀት ላይ ነበሩ። አልተጣራችም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ማን እንደሰማው ስሙ እየተጨመረ ሲመጣ ተመለከተች፤ ፌቨን ሰማች፣ ዱካሞ ሰማ፣ የዓለምወርቅ ሰማች። ከላይ ጉሙ እየወፈረ፣ ብርዱ እየበረታ ነበር። ይህንንም ታያለች። የጋሽ ፊሊጶስ ስም እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች። መጣ። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ደዋዩ ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው። እንዲጠራ ተወችው። ሲያበቃ ተነስታ ወረደች።

ዶክተሩ እየሮጡ መጡ። «ለማስ? ምነው ይኼን ያህል ቆያችሁ?»

«እግሩ ተሰብሯል። አናቱ ላይ ነው» አለች። «ጉም ነበር፤ መንገድ ጠፋኝ።»

እሷም ዋሸች።

የተራራ አዳኞች ተጠርተው መጡ፤ በጉሙ ምክንያት ግን ለማ ዘንድ የደረሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። በሕይወት አገኙት። ከዚያው እግሩ ላይ ሁለት ጣቶቹን ብርድ ወሰዳቸው።

በተከታዩ እሑድ ጋሽ ፊሊጶስ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «ልጃችን ቲቶ እውነት ተናግሮ ነው የሞተው፤ እኛ ነን ያላየነው» አሉ። ኤርጎጌ ከኋለኛው ወንበር ሆና ሰማች። አላለቀሰችም። ሲወጡ በሩ ላይ ጠብቀዋት፣ «ልጄ፣ መልእክቱ የመጣበትና አንቺ የወረድሽበት ሰዓት ለዶክተሩ አልገጠመለትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ነይና ሽማግሌዎቹ ዘንድ አንቺም የሆነውን ተናገሪ» አሏት።

«እኔ የማውቀውን ዓመት ከመንፈቅ በፊት ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸውና ታክሲ ልትይዝ ሄደች።

ለማ በሰኔ ወር ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ፖሎክዋኔ ሄደ። እዚያ የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል።