የአሥራ ስድስት ዓመቷ አስታማሚ

የፈላው ውሃ ሔራንን ከአንገቷ እስከ ክርኗ ነው የላጣት። ሔራን ለፓስታ የጣደችውን ድስት አንስታ የደፋችባት እናቷ ዘርፈሽዋል ናት። ሔራን ስትጮህ እናቷ በባዶው ድስት ትከሻዋን ደገመቻት። ጎረቤት ሰምቶ አምቡላንስ ጠራ።

ዘርፈሽዋል ጣሊያን ውስጥ ኦስቲያ በምትባል ከተማ አንድ ሽማግሌ ቤት ስትሠራ፣ መስኮት እየወለወለች ከመሰላል ወድቃ ጭንቅላቷ ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ስትረጋጋ እንደ ሕፃን ናት፤ ሲነሳባት ትነክሳለች፣ ፀጉር ትነጫለች። የምታጥባትም የምታጎርሳትም ሔራን ብቻ ነበረች። ትምህርት ቤት ከሄደች ወራት አልፈዋል። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ስልክ ቤት ያለው አጎቷ መስፍን አልፎ አልፎ ብቅ ይልና፣ «የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች፣ ሰርቪዚ ሶቻሊ፣ እንዳይሰሙ። አንቺን ማሳደጊያ፣ እሷን እብድ ቤት ነው የሚከቷችሁ» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን የትምህርቷን ነገር ብታነሳበት በጥፊ አጩሏታል።

ሆስፒታል ቁስሏን ካሸጉላት በኋላ ማርያ የምትባል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማን ነው ያቃጠለሽ?»

«ራሴ ነኝ። አምልጦኝ ነው።»

«ይሄስ ንክሻ?»

ሔራን ንክሻውን በብርድ ልብሱ ሸፈነችው።

«ስሚኝ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አለች ማርያ። «እናትሽን ብቻሽን እንድታስታምሚ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም። መማር መብትሽ ነው። ለእሷ ደግሞ ቤት ድረስ የሚመጣ ረዳት እንጠይቃለን።»

«ከዚያ ትወስዷታላችኋ?»

«አንቺን ሳንሰማ አንወስንም።»

ሔራን ያኔ ተናገረች። አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት።

በማግስቱ ከማርያ ጋር ቤት ሲደርሱ፣ እናቷን ሲጠብቅ ያደረው መስፍን በሩን ከፈተ።

«ተናገርሽ?» አለና ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ።»

ደገማት። መሃል የገባችውን ማርያንም ገፍትሮ ጣላት። ይሄን ጊዜ ዘርፈሽዋል ምርኩዟን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ የወንድሟን እጅ መታች፤ ለቀቀ። ሔራን እናቷ ለእሷ ብላ የመታችው መስሏት ነበር። ቀጣዩ ምት ግን በሔራን የታሸገ ክንድ ላይ አረፈ። ሔራን የእናቷን ሁለት እጆች ይዛ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ዘርፈሽዋል እየነከሰቻት እንኳ፣ እስኪደክማት ድረስ አልለቀቀቻትም። ማርያ ፖሊስ ጠራች።

መስፍን ወደዚያ ቤት እንዳይደርስ ተከለከለ። ረዳቶቹን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ሁለት ሴቶች መጡ። በመጀመሪያው ጠዋት ዘርፈሽዋል አንዷን በጥፊ አለቻት። ሔራን የደብተር ቦርሳዋን ጥላ ወደ እናቷ ልትሮጥ ስትል፣ ሴትዮዋ ጉንጯን እያሻሸች፣ «ሂጂ አንቺ፣ ይረፍድብሻል» አለቻት።

ሔራን ደረጃው ላይ ቆማ የእናቷን ጩኸት አዳመጠች። ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ወረደች።