የፒንደር አጥንት

«አጥንቱን ንገሪኝ እንጂ» አለች አልቃሿ አባይነሽ፣ ከትርንጎ አጠገብ ቁጢጥ ብላ። «ነገ ሣልስቱ ነው። የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ ብዬ ላልቅሰው?»

ትርንጎ ባሏን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጎንደር ላይ ማኪና ሲጠግን አሥራ አምስት ዓመት የኖረውን እንግሊዛዊ፣ ፒንደርን፣ ሳንጃ ቆላ ወርዶ የያዘው ወባ በአምስት ቀን ጨረሰው። ቄሶቹ በክርስትና ስሙ ወልደ ዮሐንስ ብለው ፈቱት። ቄስ በክርስትና ስም ይረካል፤ አልቃሽ ግን ዘር ካልቆጠረች አፏ አይፈታም። ዘሩ ያልተቆጠረ ሟች እንደ መንገደኛ ነው የሚለቀሰው።

«ምኑ ይጠየቃል?» አሉ መደቡ ላይ የተቀመጡት አባቷ አያ አላምረው። «ፒንደር ማለት በአገራቸው ደጃዝማች እንደ ማለት ነው። የጌታ ዘር ብለሽ አልቅሽው።»

ለቀስተኞቹ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ወሬ ንፍሮ ያጣፍጣል። ትርንጎ ግን አንገቷን ደፋች። ውሸቱን የፈጠረችው እሷ ነበረች።

በጣሊያን ጊዜ የአንድ መኮንን ልብስ አጣቢ ነበረች። በኅዳር 1934 ጣሊያን ሲወድቅ እንጀራዋ ስድብ ሆነባት። አባቷም «የጣሊያን ገረድ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው ከአገራቸው ከትክል ድንጋይ ላኩባት። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ፒንደር ከሚሠራበት ጋራዥ ጀርባ ጦሟን አድራ አገኛት። ያለችውን አንዲት ክፍል ለቀቀላትና እሱ ማኪና ውስጥ ማደር ጀመረ። ሰባት ወር እንዲህ እያበላ አኖራት። በየገበያው ቀን ወደ ትክል ድንጋይ የሚመለስ ሰው እየፈለገ፣ ልጅዎ ደህና ናት፣ መጥተው ይውሰዷት እያለ ይልክ ነበር። ማንም አልመጣም።

አንድ ቀን ለምን ይህን ሁሉ እንደሚያደርግ ጠየቀችው። እሱም በተሰባበረ አማርኛው ስለ ስሙ አወራት። በአገሩ ሰው ከራሱ ስም ሌላ የቤት ስም አለው፤ ከጥንት አያት ለልጅ ልጅ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም የዚያ አያት ሥራ ነው። ፒንደር ማለት በረት የሚዘጋ ማለት ነው። ከመንጋው ተለይቶ የሰው እርሻ ውስጥ የተገኘውን ከብት ወደ መንደሩ የድንጋይ በረት ያስገባል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ባለከብቱ ሲመጣ ያስረክባል። ካልመጣስ ብትለው ትከሻውን ሰበቀና ሳቀ።

ሊያገባት ሲያስብ ሽማግሌ ላከ፤ አያ አላምረው አጥንቱን ጠየቁ። የከብት ጠባቂ ዘር ነው ብትል መልሳቸውን ታውቀዋለች። የጌታ ልጅ ነው አለቻቸው። ሳምንት ሳይሞላ በበቅሎ ከተፍ አሉ፣ መርቀው ዳሩ። ልጅ ባያፈሩም በፍቅር ኖሩ፤ ውሸቱም እንደ እውነት አብሯቸው ከረመ።

አሁን ዝም ብትል ባሏ በሌላ ሰው አጥንት ሊለቀስ ነው። ብትናገር አባቷን በአደባባይ ልታዋርድ ነው።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሜዳው ላይ ክብ ሠራ። ለሟች ዘመድ የተለቀቀው ቦታ ላይ ትርንጎ ብቻዋን ቆመች። አያ አላምረው ከሽማግሎቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አባይነሽ የፒንደርን ኮት ከፍ አድርጋ ይዛ መሐል ገባች። የደጃዝማች ልጅ ብላ ስትጀምር ትርንጎ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«የጌታ ልጅ አይደለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «አባቶቹ የባዘነ ከብት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ስሙም ያ ነው። አብልተው አጠጥተው፣ ባለከብቱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።» ኮቱን በእጇ ዳሰሰችው። «እኔንም እንዲሁ ነው የጠበቀኝ። ሰባት ወር።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሽማግሌ፣ ለካስ እረኛ ኖሯል ብሎ አጉረመረመ። አባይነሽ ኮቱን ደግማ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ ሙሾውን አወጣች፦

ለባዘነው ሁሉ፣ በር ከፍቶ ያደረ፣
ዛሬ ምነው እሱ፣ ከቤቱ ውጭ ቀረ።

ትርንጎ ወደ ባዶው ቦታዋ ተመልሳ ሦስት ቀን ያልወጣላትን ለቅሶ አለቀሰች።

አያ አላምረው ከበርጩማቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ተቆጥተው ሊሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀ። እሳቸው ግን ክቡን አቋርጠው ልጃቸው አጠገብ ደረሱ።

«ያኔ የሚልከው መልእክት ይደርሰኝ ነበር» አሏት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሁሉም ደርሶኛል።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደ ሟች አባት ወገባቸው ላይ ታጠቁና ከጎኗ ቆመው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።