እንጨት ያለባት ቁራሽ

አትራክታ ቀለበቱን ሊጡ ውስጥ ቀበረችና ቀዳዳውን በጣቷ ደፈነችው። ሳንቲሙንና ብጣሽ ጨርቁንም እንደዚያው አደረገች። የቀረችው እንጨቷ ነበረች፤ ራሷ የተቆረጠ፣ በመጋገሪያ ወረቀት የተጠቀለለች የክብሪት እንጨት። እሷን ግን ዝም ብላ አልቀበረቻትም። ከዳር በኩል አስገባቻትና ከላይ ሊጡን በሹካ ወጋ ወጋ አደረገችው። ዳቦው ሲበስል ምልክቱ እንደማይጠፋ ታውቃለች። ከዚያ ምድጃው ውስጥ ከታ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

አትራክታ ነገር ፈርታ የምታውቅ ሴት አይደለችም። በከብት ገበያው ሻይ ቤት ሾርባና ድንች ስታቀርብ ያረጀች፣ በአየርላንድ የሌትሪም አውራጃን ነጋዴ ሁሉ በምላሷ ያስገበረች ናት። ለሰው የምትለው ነገር ካላት ፊት ለፊት ነው የምትለው። ዛሬ ግን ለገዛ ልጇ ልትነግራት ያቃታትን ነገር ዳቦ ውስጥ ደብቃ ልትሰጣት ነው።

በሳውን ማታ፣ ሙታን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት በጥቅምት መጨረሻ በዓል፣ የዘቢብ ዳቦ የማይቆረጥበት ቤት የለም። ቀለበቱ የደረሰው ዓመቱ ሳያልቅ ያገባል፤ ሳንቲም የደረሰው ይከብራል፤ ጨርቅ የደረሰው ይደኸያል። እንጨቷ የደረሰቻት ሴት ደግሞ ባሏ ይመታታል። የዛሬ ልጆች ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያዩት። ሱቅ የሚሸጠው ዳቦ ውስጥ ከቀለበቱ በቀር ምንም የለም።

ልጇ ኢመር፣ ሎርካን የሚባለውን እጮኛዋን ይዛ ከደብሊን እየመጣች ነው። ሠርጉ ለጸደይ ተቆርጧል። ሎርካን አለባበሱ ያማረ፣ በር የሚከፍት፣ ወንበር የሚስብ፣ አመስጋኝ ሰው ነው። አትራክታም መጀመሪያ ወድዳው ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን አንድ ነገር አየች። የኢመር ስልክ ሲጮኽ፣ ኢመር ከማንሳቷ በፊት የእሱን ፊት ታያለች። ከመንገድ ማዶ ይሰማ የነበረው ሳቋም ጠፍቶ፣ አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ያኔ ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠየቀቻት። "ልጄ፣ ይኼ ሰው ደህና ይይዝሻል?"

"ጀመረሽ ደግሞ!" አለች ኢመር። "አንቺ ለኔ ይበቃል ያልሽው ሰው አለ?"

በጋውን ሙሉ አልደወለችም። አትራክታ ያን በጋ አትረሳውም። ዛሬ ደግማ ብትናገር ልጇን ታጣለች፤ ዝም ብትልም ታጣታለች። እንጨቷ ትንገራት ብላ የወሰነችው ሰሞኑን አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ነው።

የዳቦው ሽታ ማወድ ሲጀምር የእናቷ የዊኒ ቤት መጣባት። ዛሬ ለሳውን ዐይንና ጥርስ ተቀርጾለት ሻማ የሚበራበት ዱባ ያኔ በሰፈሩ አልነበረም። ልጆቹ ለከብት መኖ ከሚዘራው ድንጋይ ከመሰለ ሥር አንዱን ነቅለው፣ መዳፋቸው እስኪላጥ በማንኪያ ይፈለፍሉታል። ዐይንና ጥርስ ያወጡለትና ሻማ ውስጡ ያኖራሉ። ክዳኑ በሻማው ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ ለአትራክታ እስከ ዛሬ የሙታን ሽታ ነው። ጭንብላቸውን ከዱቄት ከረጢት ሠርተው፣ የአባታቸውን ኮት ገልብጠው ለብሰው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሲመለሱ እናታቸው አንድ ወንበር ወደ እሳቱ አዙራ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። የሞቱት የቤቱ ሰዎች በዚያ ማታ መጥተው እግራቸውን ያሞቃሉና።

ከዚያ ዳቦው ይቆረጣል። እንጨቷ ሁልጊዜ ለእናታቸው ነበር የምትደርሰው።

"እማዬ ዘንድሮም እንጨት!" እያሉ ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር። ዊኒ እንጨቷን ከአፏ አውጥታ የሳህኗ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣታለች። አባታቸው ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

ሌሊት ትንሿ አትራክታ አልጋዋ ውስጥ ሆና ከግድግዳው ማዶ ነገር ሲወድቅ፣ ሰው ሲያቃስት ትሰማለች። ሙታኑ መጥተው ነው ብላ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ጸሎቷን ታደርሳለች። ግራ የሚያጋባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙታኑ ሳውን ባልሆነም ማታ ይመጡ ነበር።

ዊኒ ስትቀበር ነው አክስቷ ቴሲ ነገሩን የገለጠችላት። "ምስኪን እናትሽ" አለቻት፣ ከመቃብሩ ሲመለሱ ክንዷን ይዛ። "ሊጡን በሹካ ምልክት ታደርግበት ነበር እኮ። ለምን ስላት፣ 'ለእኔ አንዴ ደርሳኛለች፣ ምን አዲስ ነገር ታመጣብኛለች? ልጆቼን ግን አትነካም' አለችኝ።" አትራክታ የዚያን ቀን ለእናቷ ሳይሆን ላጨበጨበችው ጭብጨባ ነበር ያለቀሰችው።

መኪናው ሲመጣ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ኢመር ገብታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቀጥናለች።

"እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ቆንጆ! ምነው፣ ደብሊን ምግብ የለም እንዴ?"

"ለቬሎው ነው እማዬ፤ ሎርካን ትንሽ ቀነስ በይ ብሎኝ ነው።"

"ደግ አደረጋችሁ" አለች አትራክታ ጥርሷን ነክሳ።

ሎርካን ጉንጯን ስሟት ቤቱን አመሰገነ፣ የዳቦውንም ሽታ አመሰገነ፤ ከዚያ ወደ እሳቱ የዞረው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ኧረ እዚያ አትቀመጥ" አለች ኢመር። "የሙታን ነው።"

"ታዲያ ሲመጡ ተነሣ ይበሉኛ!" ብሎ ሳቀ። "አይደለም እትዬ አትራክታ? ይቆጡኛል እንዴ?"

"ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ማርቲን ሰው የሚቆጣ አልነበረም" አለች አትራክታ። "ተቀመጥ።"

ሻይ ገና ሳይቀዳ በሩ ተንኳኳ። ጭንብል ያጠለቁ ሦስት ልጆች ገብተው በመደዳ ቆሙ። አትራክታ ወገቧን ያዘች። በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ።

"እናንተ ደግሞ ከየትኛው መቃብር ነው የወጣችሁት?"

"ከጥልቁ!" አለ ረጅሙ ድምፁን አቅጥኖ።

"ከጥልቁ ነው? ታዲያ ጥልቁ ውስጥ ጫማ የሚጠርግልህ ማነው? እግርህን ስታንሻፍፍ አላየሁህም ብለህ ነው? አንተ የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ ነህ! ልክ አባትህ ነህ!"

ልጁ እየሳቀ ጭንብሉን አወለቀ። ሁለተኛዋንም በሳሏ አወቀቻት። ትራስ ልብስ ደፍታ በቀዳዳው የምታየውን ትንሿን ግን፣ የጎረቤቷ ልጅ ኦርላ መሆኗን ገና ከበሩ ብታውቅም፣ ዞር ዞር እያለች አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ትንሾችን ቶሎ አለማወቅ የሰፈሩ ወግ ነው።

"ይቺ ግን ቸገረችኝ። ይቺ እንኳ እውነተኛ መንፈስ ሳትሆን አትቀርም።"

ከትራስ ልብሱ ሥር የደስታ ትንፋሽ ተሰማ። ሎርካን ከወንበሩ ተነሣ።

"ቆይ እኔ ልርዳዎት" አለና ትራስ ልብሱን ከልጅቷ ራስ ላይ መንጭቆ አወለቀው። "ይኸው! መንፈስም አይደለች፣ ምንም አይደለች!"

ኦርላ ፀጉሯ ቆሞ፣ ፊቷ ቀልቶ ትንሽ ቆየችና ማልቀስ ጀመረች። ትልልቆቹ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሎርካንን ያዩታል። በዚህ አገር ጭንብል በእጅ አይነካም፤ ሰካራም እንኳ አያደርገውም።

"ምነው? ጨዋታ አይደል እንዴ?" አለ ሎርካን።

"እኛ ዘንድ ፊት ይገመታል እንጂ አይገለጥም" አለች አትራክታ።

ኢመር ተንበርክካ ትራስ ልብሱን ለኦርላ መልሳ አጠለቀችላት። ቀዳዳውንም ከዐይኗ ጋር አገናኘችላት። ለውዝና ከረሜላ ሰጥታ፣ ትንሿንም ራሷን ዳብሳ ከሸኘቻቸው በኋላ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቅ አለች።

"ሲጫወት ነው እኮ እማዬ። አትቀየሚው። እሱ እንዲህ ነው።"

አትራክታ እነዚህን ቃላት ታውቃቸዋለች። ጎረቤት ድንገት ገብቶ የዊኒን ያበጠ ከንፈር ሲያይ፣ ዊኒ እንዲሁ ሳቅ ብላ "እሱ እንዲህ ነው" ትል ነበር።

ሻዩን ቀዳችና ዳቦውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የሹካው ምልክት ጉልህ ሆኖ ይታያል። ቢላዋውን ያዘችና ምልክቱ ያለበትን ቁራሽ ቆርጣ አነሣች። ኢመር እንደ ልጅነቷ ሳህኗን በሁለት እጇ ዘርግታላታለች። ይህን ጊዜ የአትራክታ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እናቷ ብትሞት እንኳ ለልጆቿ የማትሰጠውን ነገር እሷ ለልጇ ልትሰጥ ነው። አፈረች። ቁራሹን ወደ ራሷ ሳህን መለሰችው። ግን እሱም ልክ አልመጣላትም። እንጨቷን በዝምታ ለራሷ ብትወስዳት፣ ይኸው ከግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ ዳግመኛ የሙታን ድምፅ ተብሎ ሊቀር ነው። ቁራሹን በጣቷ ፈረፈረችውና እንጨቷን ከወረቀቷ አውጥታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠቻት።

"ውይ እማዬ! ገና ሳትበዪው!" አለች ኢመር። "እንዴት አገኘሻት?"

"የት እንዳለች ስለማውቅ። እኔ ነኝ ምልክት ያደረግሁባት። ላንቺ ልሰጥሽ ነበር።"

ኢመር ሳህኗን አስቀመጠች።

"አያትሽ ዊኒም ምልክት ታደርግ ነበር" አለች አትራክታ። ድምፅዋ እንደ ገበያው ቀን ጠንካራ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። "እሷ ግን ለራሷ ነበር የምትወስደው፤ እኛን እንዳትነካን። አባቴ ይመታት ነበር ኢመር። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአባትሽም አልነገርሁ። በየሳውኑ እንጨት ደረሳት ብዬ አጨብጭቤያለሁ። ከግድግዳው ማዶ ስትመታ፣ ሙታን መጡ ብዬ ተኝቻለሁ። ሰው ሲጠይቃት 'እሱ እንዲህ ነው' ትል ነበር። አሁን አንቺ እንዳልሽው።"

ሎርካን ሻዩን አስቀመጠ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ምን እያሉ ነው? እኔ እጄን አንሥቼባት አውቃለሁ? ንገሪያቸው እስቲ ኢመር!"

"አልመታኝም እማዬ" አለች ኢመር ቶሎ ብላ።

"አልመታሽም። እመኚኝ፣ ደስ ይለኛል። እኔ የምለው፣ እሱ ያስለቀሳትን ሕፃን አይተሽ ስለ እሱ ይቅርታ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ይኼን ነው ያየሁት። ብትቆጪም ተቆጪ፣ ብትጠዪኝም ጥዪኝ። ዳቦ ውስጥ ደብቄ ከምነግርሽ በአፌ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

"ለአንዲት ክብሪት እንጨት ይኼ ሁሉ!" አለ ሎርካን። ፈገግታው አሁንም አለ፤ ዐይኑ ውስጥ ግን የለም። "ነገ ሥራ አለብን። ኮትሽን ልበሺ፣ እንሂድ።"

"እናድራለን ብለን አልነበር?" አለች ኢመር።

"ልበሺ አልኩሽ እኮ፣ የኔ ፍቅር።"

ኢመር እናቷን አየች፣ እሱን አየች፤ ከዚያ ተነሥታ ኮቷን ለበሰች። አትራክታ የምትገባበት ቀዳዳ ቢገኝ በወደደች። በጋው ተመልሶ መጣባት፤ ይኼኛው ደግሞ ማለቂያ የሌለው በጋ ነው። ሎርካን ሞተሩን ሊያስነሣ ቀድሞ ወጣ።

ኢመር ስካርፏን ከወንበሩ ለማንሣት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ቀና ስትል እንጨቷ ከጠረጴዛው ላይ የለችም። እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ፣ ጨብጣ ይዛ፣ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። አትራክታ ጉንጯን ሳመቻት፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር።

"ኢመር!" አለ ሎርካን ከደጅ።

"መጣሁ" አለች፤ ወጣችም።

የመኪናው መብራት ከመታጠፊያው እስኪሰወር አትራክታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ገብታ ሎርካን ያጣመመውን ወንበር ወደ እሳቱ አቀናችው። ዛሬ በሩ አይቀረቀርም። ነገ ግን፣ ማርቲን ከሞተ ወዲህ በየማታው እንደምታደርገው፣ መቀርቀሪያውን መመለሷ ነበር። ሙታኑ የሚመጡበት ማታ ይታወቃል። ኢመር የምትመጣበት ማታ ግን አይታወቅም።

የዳቦውን ቢላዋ ጫፍ በጨርቅ ጠርጋ በሩ አጠገብ ተንበረከከች። የመቀርቀሪያው ብሎኖች ዝገዋል፤ እጇን አደማት፤ ቢሆንም አንድ በአንድ ፈታቻቸው። መቀርቀሪያውን መሳቢያ ውስጥ ጣለችና የኢመርን አልጋ ልታነጥፍ ሄደች።