እስከ ሰኔ ሠላሳ አትንካ

ሰው በሰው ሲስቅ ብዙ አይቻለሁ። ሙሉጌታ ያን ማክሰኞ የሳቀው ሳቅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እኛ የሐዋሳ ልጆች ሐይቅ ዳር አድገን እንኳ ተረቱን ረስተነው ነበር።

እኔ ሸዋዬ እባላለሁ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ እሠራለሁ፤ ፈተና ሲደርስ ተማሪ የምደለድለው እኔ ነኝ። ሙሉጌታ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ አቶ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ይቅርበት። አልአዛር ደግሞ በሱ ሥር በኮንትራት የሚሠራ ቴክኒሽያን ነበር። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ያለው የቡሹሎ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኳየራቸው ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት፣ እኔን እትዬ ሸዋዬ ሳይል ስሜን ጠርቶ የማያውቅ።

ይህ ልጅ ሳያት የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹን ይዞ የሄደው የኔው ባል ደረሰ ነው። የልጅቷ አባት በደንብ ተቀብለው፣ ልጁን አልጠላነውም፣ ቋሚ ሥራ ሲይዝ ተመለሱ ብለው ሸኟቸው። የአልአዛር ኮንትራት የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነው። ዲኑም የሰኔው ፈተና ያለ እክል ካለፈ ቋሚ አደርግሃለሁ ብሎት ነበር፤ ያውም በስብሰባ መሀል፣ ይህ ልጅ ባይኖር ምን እንሆን ነበር እያለ። ከማግስቱ ጀምሮ ሙሉጌታ አልአዛርን ‹‹ሙሽራው›› እያለ ይጠራው ጀመር። ሙሽራው ና፣ ሙሽራው ገመዱን አንሳ፣ ሙሽራው እስክትዳር ድረስ እንኳ ወንበርህን አስተካክል።

አሁን አልአዛር ስለሠራው ቁልፍ ልናገር፤ እሱ ለኔ እንዳስረዳኝ ነው የምናገረው። ሰርቨሮቻችን የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር የሚጭንና የሚያድስ አንድ ፕሮግራም አለ፣ ፓኬጅ ማኔጀር ይሉታል። እሑድ እሑድ በራሱ ተነስቶ አዲስ የወጣውን ሁሉ አውርዶ ይጭናል፤ ታታሪ ነው፣ ግን ማንንም አይጠይቅም። የፈተናው ሶፍትዌር ደግሞ የሚግባባው ጥያቄውና ውጤቱ ከሚቀመጥበት ከአሮጌው ዳታቤዝ ጋር ብቻ ነው። ዳታቤዙ ከታደሰ ፈተናው አይከፈትም፤ ጥር ላይ በሙከራ አይተን ጉድ ብለናል፤ ከዚያ ወዲህ አልአዛር በየሳምንቱ በእጁ ሲያግደው ከረመ። ስለዚህ ፓኬጅ ማኔጀሩ ላይ የሚሰካ፣ ሌላውን አድስ ይቺን ቨርዥን ግን አትንካ የሚል ፕለጊን ያስፈልጋል። ተሠርቶ ያለቀ ፕለጊን ሞልቷል፤ እሱ ግን አንዴ ከቆለፈ ሰው ካልከፈተው እንደቆለፈ ይቀራል። አልአዛር የራሱን ሠራ፤ የማብቂያ ቀን ጨመረበት። ቀኑ ሲደርስ ቁልፉ በራሱ ይከፈታል።

ምን አደከመህ አልኩት። ቋሚ ካልሆንኩ ከሰኔ ሠላሳ በኋላ መክፈቱን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም፣ ሰርቨሩ ሳይታደስ ቆይቶ ለሌባ ይጋለጣል አለኝ። እንግዲህ ሊያሰናብቱት ለሚችሉ ሰዎች ነው እንዲህ የሚጨነቀው። አንጀቴን በላው። እንዳለውም የማብቂያውን ቀን ሰኔ 30 ቀን 2017 ብሎ በቁጥር ጻፈና በገዛ ላፕቶፑ ሞከረው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ የሰዓቱ ባትሪ ስለሞተች በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፣ እሱም ጠዋት ጠዋት በእጁ ይሞላለታል። እዚያ ላይ ቁልፉ ንቅንቅ አላለም።

ማክሰኞ ሙሉጌታ ዘንድ ይዞት ገባ። እኔም የወንበር ድልድሉን ላስፈርም እዚያው ቆሜ ነበር። ጋሼ፣ አንድ ዓይን አይበቃምና እርስዎም ይዩልኝ አለው። ሙሉጌታ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ቀና ብሎ ልጁን አየው፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያ ሳቀ። የሱ ሳቅ ብርቅ ነውና እኛም ደስ ብሎን አብረን ሳቅን።

‹‹ጎበዝ ሙሽራው›› አለ። ‹‹እንዳለ ጫነው። አንዲት ነገር እንዳትነካ።››

አልአዛር የዚያኑ ዕለት ጫነው። እሑድ ፓኬጅ ማኔጀሩ እንደ ልማዱ ተነሳ። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ገብተው ተቀመጡ፣ ፈተናው ግን አልከፈት አለ። ዳታቤዙ ታድሷል። አሮጌውን ለመመለስ ቢሞከር ዳታው አልገጥም አለ፤ እንደገና ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል። እኔ ነኝ ወጥቼ ፈተናው በሁለት ሳምንት ተራዝሟል ያልኳቸው። ሀያት የምትባል ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ወንበሯን ይዛ አልነሳም አለች። ያኔ እኮ እኔ ማዋለጃ ነኝ አለችኝ። ምን ልበላት?

አልአዛር ምክንያቱን ለማግኘት አልቸገረውም። ማሽኑ ያቺን 2017 የፈረንጅ 2017 አድርጎ ነው ያነበባት። ቁልፉ ገና ሳይሰካ ከሰባት ዓመት በላይ አልፎበት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ለምን ሠራ? ላፕቶፑ ላይ ቀኑን የሚሞላው በኛው አቆጣጠር ነዋ! ከእናቱ፣ ከቀበሌው፣ ከኮንትራቱ የተማረውን ቀን ነበር የሞላው።

ዲኑ ስብሰባ ጠራ። ሙሉጌታ የልጁን ሥራ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አወጣው፣ ያቺን መስመር አጉልቶ። ሙሽራችን ገና 2017 ላይ ነው፣ ማሽኑ 2025 ደርሷል፣ ሠርጉንም በዚህ አያያዙ ከጠበቅነው ሙሽሪት ታረጃለች አለ። ተሳቀ። ጠዋት ሲገቡ አቴንዳንስ ላይ 2017 ብለው የፈረሙ ሰዎች ናቸው እኮ የሳቁት! አልአዛር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል።

‹‹አቶ ሙሉጌታ፣ ማክሰኞ ሲያሳይዎት እዚያው ነበርኩ›› አልኩ። ‹‹ያኔ አላዩትም?››

‹‹አይቼዋለሁ።›› ዓይኑን እንኳ አላሸም።

‹‹ታዲያ ለምን አልነገሩትም?››

‹‹ፈተና ላይ የሚቀመጠው ተማሪ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?››

ዲኑን አየሁት። አሁን ይቆጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እቴ! ኃላፊ ጠበቅ ቢል አይከፋም ብሎ ውሃውን ተጎነጨ። ሳቁ ቆሟል፤ ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። ሁሉም የየራሱ ኮንትራት አለበት።

አልአዛር ያኔ ነው የተናገረው።

‹‹ጋሼ፣ ተማሪዎቹስ?››

‹‹እነሱ በሁለት ሳምንት ይፈተናሉ›› አለ ሙሉጌታ። ‹‹አንተ ግን አንዴ ነው የምትፈተነው።››

ከዚያ ደግሞ ወንበር ስቦ ፕሮጀክተሩ ፊት አስቀመጠው። ለዳግም ፈተናው ቁልፉ ያስፈልጋል፣ እዚሁ ሁላችን እያየን አስተካክል አለው። አልአዛር ተቀመጠና አዲሱ ቀን ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀ።

‹‹ቀኑ ልክ ነው›› አለ ሙሉጌታ። ‹‹አንተ የምትሄድበት ቀን አይደል? እሱን በፈረንጅ ጻፈው።››

ልጁ ጻፈ። ግድግዳው ላይ ቁጥሮቹ እየተሳሳቱ ሲጠፉ፣ እንደገና ሲጻፉ ሁላችንም አየን። እኔ ከዚያ በላይ አላየሁም፣ ተነስቼ ወጣሁ። ሙሉጌታን የእጁን ይስጠው። ሌላ የምለው የለኝም።

ዳግም ፈተናው ያለ አንዳች እክል አለፈ። ሀያት አልነበረችም፤ በዚያው ሰሞን ወልዳለች። ሰኔ ሠላሳ ቀን ቁልፉ ማንም ሳይነካው በራሱ ተከፈተ፣ ሰርቨሩም ለእሑዱ እድሳት ነፃ ሆነ። አልአዛር መታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ እትዬ ሸዋዬ ደህና ሁኚ አለኝና ሄደ።

ማታ ቤት ስገባ፣ የሆነውን ያልነገርኩት ባሌ ደረሰ ሱፉን አልጋው ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ሰኔ ሠላሳ አይደል፣ እነ ሳያት ቤት ለመመለስ ሱፉን ላውንደሪ ላግባው ወይ አለኝ።

‹‹መልሰህ ስቀለው›› አልኩት።